የጉሮሮ (የምግብ ቧንቧ) ካንሰር ታማሚ ስቴንት ሲገባለት፦ ለአስታማሚ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ስቴንት፣ ማለትም የተዘጋ የምግብ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ፣ የገባለት ታማሚ በሳምንቱ «ደግሞ ተዘጋበት» ተብሎ ወደ ሆስፒታል ሲመለስ፣ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) ከቱቦው ውስጥ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ እንጀራ፣ የዳቦ ልብ ወይም ያልታኘከ ሥጋ ነው። ቤተሰቡ ግን ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ የቀረ ስለሚመስለው ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው ደግሞ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ በቀጠሮው ጠዋት ትንሽ አጥሚት ቀምሶ በመገኘቱ ብቻ ሕክምናው ለሌላ ቀን ይተላለፍበታል። ሁለቱንም ስሕተት ማስቀረት ይቻላል።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ለመረዳት አንድ ነገር ይያዙ። ጤነኛ የምግብ ቧንቧ ጡንቻ ስለሆነ ጉርሻውን እየጨመቀ ወደ ጨጓራ ይገፋዋል። ስቴንት ግን ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ የመረብ ቱቦ ነው፤ ዕጢው የዘጋውን መንገድ ከፍቶ ይይዛል እንጂ ምግብ አይገፋም። ስለዚህ የጡንቻውን ሥራ ከእንግዲህ የሚሠሩት ጥርስ፣ ፈሳሽና ቀጥ ብሎ መቀመጥ ናቸው። ስቴንት ካንሰሩን አያድንም፣ ዕጢውንም አያሳንስም፤ ታማሚው በአፉ እንዲበላና እንዲጠጣ፣ ምራቁንም እንዲውጥ ያደርጋል። የታማሚዎ ሐኪም ከዚህ መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ የሐኪሙን ትእዛዝ ይከተሉ።

1. ከመወሰን በፊት

የመዋጥ ችግሩን ደረጃ ይመዝግቡ

ሐኪሞች የመዋጥ ችግርን ከ0 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይለኩታል። 0 ማለት ሁሉን መብላት፣ 1 ማለት አንዳንድ ጠጣር ምግብ ማስቸገሩ፣ 2 ማለት እንደ ገንፎና እንደ ተፈጨ ድንች ያለ ለስላሳ ምግብ ብቻ መውረዱ፣ 3 ማለት ፈሳሽ ብቻ መውረዱ፣ 4 ማለት ምራቅ እንኳ አለመውረዱ ነው። ታማሚው በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለና ወደዚያ ደረጃ የደረሰው ከስንት ሳምንት ወዲህ እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ ውሳኔውን በእጅጉ ያግዛል። ታማሚዎች የባሰባቸውን ነገር ለመደበቅ ምግብን በውኃ እያወረዱ «እበላለሁ» ይላሉና ገበታ ላይ ቁጭ ብለው በዐይንዎ ይዩ።

እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቁ አይፈርሙ

ሀ. ካንሰሩን በቀዶ ሕክምና ወይም በኬሞና በጨረር ማዳን ይቻል እንደሆነ ተጣርቷል? ስቴንት በዋነኛነት የሚገባው ሕመሙ ከመዳን ደረጃ ላለፈ ታማሚ ነው። ማዳን ከታሰበ ስቴንቱ ቀጣዩን ሕክምና ሊያወሳስብ ስለሚችል የሚወስነው የሐኪሞች ቡድን መሆን አለበት።

ለ. ዕጢው የት ላይ ነው? ወደ አንገት በጣም የተጠጋ ከሆነ ስቴንቱ ጉሮሮ ላይ የባዕድ ነገር ስሜትና ሕመም ያስከትላል። ወደ ጨጓራ መግቢያ ከወረደ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለሱ አይቀርም። ሁለቱም ክልከላ አይደሉም፤ ዝግጅቱን ግን ይለውጣሉ።

ሐ. በምግብ ቧንቧውና በአየር ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ተፈጥሯል? ታማሚው በጠጣ ቁጥር ትን የሚለውና የሚያስለው ከሆነ ይህን ሳይደብቁ ይናገሩ። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚሸፍነው በላስቲክ የተለበጠ ስቴንት ነው።

መ. ሌላ አማራጭ አለ? ስቴንት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እፎይታ ይሰጣል። ከውስጥ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና በሚገኝበት ቦታ እፎይታው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ነገር ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ስለዚህም አቅም ላለውና ወራት ይቀሩታል ተብሎ ለሚጠበቅ ታማሚ ሊመረጥ ይችላል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሐኪሙን መጠራጠር አይደለም።

እገዳው ጨጓራ መውጫ ላይ ከሆነ

ታማሚው ያለ ችግር እየዋጠ ትናንት የበላውን ዛሬ የሚያስታውክ ከሆነ፣ የተዘጋው የጨጓራ መውጫው ሊሆን ይችላል። እዚያም ስቴንት ይገባል፤ ጠንከር ላለ ታማሚ ግን ጨጓራን ከአንጀት ጋር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ከሕክምናው በፊት ጨጓራው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መራገፍ ሊኖርበት ስለሚችል ታማሚው ቀደም ብሎ ሆስፒታል ይተኛል። የሚቀጥሉት ደረጃዎች በዋናነት ስለ ምግብ ቧንቧ ስቴንት ናቸው።

2. ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት

ሰነዶችን አንድ ላይ ያሰናዱ። የኢንዶስኮፒ ውጤት፣ የናሙና ምርመራ ውጤት፣ የባሪየም ራጅ ካለ ራጁ፣ ሲቲ ስካን ከተነሣ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ሲዲውም ያስፈልጋል። ሐኪሙ የስቴንቱን ርዝመት የሚመርጠው ዕጢው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይቶ ነውና በኢንዶስኮፒው ውጤት ላይ ዕጢው ከፊት ጥርስ በስንት ሴንቲሜትር እንደሚጀምር የተጻፈውን መስመር ፈልገው ያስምሩበት።

ስቴንቱ መኖሩን በስልክ ያረጋግጡ። ቀጠሮ መያዝ ብቻውን ዕቃው አለ ማለት አይደለም። ከባሌ ሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፈሳሽ እንኳ በችግር የሚወርድለትን ሰው ይህን ያህል አጓጉዞ «ስቴንቱ አልቋል» መባል ጉልበቱን ያሟጥጠዋል። ከመነሣትዎ በፊት ስቴንቱ መኖሩን፣ በመጠኑ ለታማሚው የሚሆን መሆኑንና ወጪውን ይጠይቁ።

ደም አቅጣኝ መድኃኒት ከወሰደ ይናገሩ። ዋርፋሪን ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን በፊት፣ ክሎፒዶግሬል ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን በፊት ይቋረጣል። ሆኖም ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለው ሰው በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ ደሙ ሊረጋበት ስለሚችል፣ የልብ ሐኪሙ ሳያውቅ አንድ ቀን እንኳ አያስቁሙ። ኢንሱሊን የሚወስድ ታማሚ በሚጾምበት ጠዋት ምን ያህል መወጋት እንዳለበት አስቀድሞ ይጻፍለት።

ብዙ ቀን ያልበላ ታማሚን በአንድ ጊዜ ለመካስ አይሞክሩ። ከ5 ቀን በላይ ምንም ወይም በጣም ጥቂት ብቻ የቀመሰ ሰው በድንገት ብዙ ቢመገብ፣ በደሙ ውስጥ ያሉት ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም በፍጥነት ወርደው የልብ ምቱን ሊያዛቡት ይችላሉ። ሐኪሙ ደሙን እንዲመረምርለትና ቫይታሚን ቢ1 እንዲጀምርለት ይጠይቁ። ብዙዎች የማያውቁት፣ እኔም ከሁሉ በላይ እንዲታወቅ የምፈልገው ይህን ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ስስት ሳይሆን ፍቅር ነውና።

3. ዋዜማውና የቀጠሮው ጠዋት

ለሌላ ኢንዶስኮፒ 6 ወይም 8 ሰዓት መጾም ሊበቃ ይችላል። ቧንቧው የተዘጋ ሰው ግን ትናንት የዋጠው ከዕጢው በላይ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል፤ በማደንዘዣ ላይ ሳለ ያ ምግብ ወደ ሳንባው ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። ስለዚህ፦

ሀ. ከቀጠሮው በፊት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ ይስጡ። ሐኪሙ ከዚያ በላይ ካለ ያክብሩት።

ለ. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ወተት፣ አጥሚትና ሾርባ ያቁሙ። እነዚህ እንደ ምግብ እንጂ እንደ ውኃ አይቆጠሩም።

ሐ. ውኃ መቼ መቆም እንዳለበት የተነገረዎትን ሰዓት በትክክል ይያዙ። ሰዓቱ ሲነገርዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ደግመው ይጠይቁ፤ በዚህ አንድ አለመግባባት ቀጠሮ ሊበላሽ ይችላል።

መ. ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውለቅ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ይነገር፣ የመድኃኒት አለርጂ በፋይሉ ላይ መጻፉ ይረጋገጥ።

ከተሳሳተ፦ ታማሚው አንዳች ነገር ከቀመሰ ምን እና ስንት ሰዓት ላይ እንደቀመሰ እውነቱን ይናገሩ። ቀጠሮው በጥቂት ሰዓት ሊገፋ ወይም ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። ከደበቁ ግን የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሳንባ ነው።

4. በሕክምናው ክፍል

ይህ ክፍል የሐኪሙ ሥራ ስለሆነ አጭር ነው። ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ ከተሰጠ በኋላ በኢንዶስኮፕ ወይም በራጅ እየታየ ቀጭን ሽቦ በዕጢው ውስጥ ያልፋል፤ የታጠፈው ስቴንት በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ይገባና ይለቀቃል። ወዲያውኑ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ስፋቱ ይደርሳል። ስፋቱ እንደ ዓይነቱ ከ18 እስከ 23 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሰውን ጠጣር ምግብ ማስቸገር የሚጀምረው ቀዳዳው ወደ 13 ሚሊሜትር ሲጠብብ መሆኑን ካሰቡ፣ ይህ ስፋት ለመብላት በቂ፣ ለግዴለሽነት ግን የማይበቃ መሆኑን ይረዳሉ።

ከመውጣትዎ በፊት የስቴንቱ ዓይነት፣ ርዝመት፣ ስፋትና የገባበት ቀን በወረቀት እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

5. የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

ሀ. በዚያው ዕለት ረጅም መንገድ አይጓዙ። ከቻሉ 2 ወይም 3 ሌሊት ከሆስፒታሉ አቅራቢያ ይደሩ፤ ቧንቧው ተቀዶ ከሆነ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቀናት ይታያልና።

ለ. ሐኪሙ «ይጠጣ» እስኪል ድረስ ምንም አይስጡ። ሲፈቀድ በንጹሕ ውኃ ይጀምሩ፤ በማንኪያ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ። ካላሳለውና ካላመመው በዚያ ቀን ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ይቀጥሉ።

ሐ. በጣም ቀዝቃዛም በጣም ትኩስም አይስጡ። የስቴንቱ ብረት በሙቀት ለውጥ የሚለዋወጥ ስለሆነ ገና ሳይረጋ በረዶ የመሰለ መጠጥ ባይነካው ይመረጣል፤ ትኩስ ሻይና ቡናም ለብ እስኪል ይቆይ።

መ. የደረት ሕመም ይጠብቁ። ስቴንቱ ሲከፈት ዕጢውን ስለሚገፋ ደረት ወይም ጀርባ ላይ መጨነቅ የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ታማሚው ችሎ ዝም እንዲል አይምከሩት። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ካልበቃ ፈሳሽ ሞርፊን ይታዘዝለት። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻውም አብሮ በዚያው ቀን ይጀመር።

ሠ. ራሱ ከፍ ባለ አልጋ ይተኛ። ትራስ መደራረብ ሌሊት ስለሚንሸራተትና አንገትን ብቻ ስለሚያጥፍ አይረዳም። ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚሆን ጡብ ወይም ጣውላ ያስገቡ። መደብ ላይ የሚተኛ ከሆነ ከፍራሹ የላይኛው ግማሽ ሥር የታጠፈ ጋቢና ብርድ ልብስ እንደ ዳገት አድርገው ይደልድሉ።

6. ምግብ

አብዛኛው ውድቀት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ በዝርዝር ያንብቡት፤ ምግብ ለሚያበስለውም ሰው ያንብቡለት።

ከ1ኛው እስከ 2ኛው ቀን፦ በሻይ ማጥለያ የሚያልፍ ብቻ። ቀጭን አጥሚት፣ የተጣራ የሥጋ ወይም የአትክልት ሾርባ፣ ወተት፣ የቀጠነ እርጎ፣ የተጣራ የፓፓያ ጭማቂ። ማጥለያው ላይ የሚቀር ነገር ካለ ያ ለታማሚው አይሰጥም።

ከ3ኛው ቀን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ፦ ከማንኪያ ላይ ሳይጣበቅ የሚወርድ። ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ተፈጭቶ በወተት የላላ ድንች፣ የተቀጠቀጠ አቮካዶ፣ በደንብ የተፈጨ የምስር ወይም የክክ አልጫ። ገንፎ ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም እንደ ወትሮው ወፍሮ ከቀረበ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፤ በወተትና በቅቤ ላልቶ ይቅረብ። በሶም በጥብጦ እንጂ ጨብጦ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ፦ በሹካ የሚደቅቅ ለስላሳ ምግብ። እሾሁ ተለቅሞ የደቀቀ ዓሣ፣ በመረቅ በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ ለስላሳ እንቁላል ፍርፍር፣ አይብ፣ የበሰለ ካሮት።

እንጀራን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። አንዳንድ ሐኪሞች ጨርሶ ይከለክሉታል፣ ምክንያታቸውም ትክክል ነው፤ እንጀራ ሲታኘክ ተጠቅልሎ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ፈሳሽ ሲያገኝም ያብጣል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን በሙሉ እንጀራ ሲበላ የኖረን ሰው ፈጽሞ መንፈግ በድብቅ እንዲበላ ያደርገዋል። ሐኪሙ ካልከለከለ፣ የዕለቱን እንጀራ ከጥፍር ባነሰ መጠን ቆራርጠው በቀጭን ወጥ ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያርሱት፤ በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ወጥ እስኪመስል ድረስ። ደረቅ እንጀራ፣ ያልራሰ ፍርፍርና ጥቅልል ግን ፈጽሞ አይሆኑም።

ከቤት የሚወገዱት፦ ዳቦ በማንኛውም መልኩ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ጥብስና ቁርጥ፣ ክር ያለው ጎመንና ሰላጣ፣ ቆዳው ያልተላጠ ንፍሮ፣ ክር ያለው ማንጎ፣ ብርቱካን ከነገለፈቱ፣ ተቀቅሎ የጠጠረ እንቁላል። በርበሬ ቱቦ አይዘጋም፤ ያቃጥላል እንጂ፤ ስለዚህ አልጫ ይመረጣል።

የአበላል ሥርዓት

ሀ. በቀን ከ5 እስከ 6 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። አንዱ ገበታ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይውሰድ።

ለ. በሻይ ማንኪያ ብቻ። ጉርሻ የፍቅራችን መግለጫ ቢሆንም ለዚህ ታማሚ አደጋ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ቀድመው ያስረዱ፤ ሙሉ ጉርሻ ይዞ የሚጠጋን ዘመድ በአክብሮት ማስቆም የአስታማሚው ድርሻ ነው።

ሐ. በየጥቂት ማንኪያው መሃል ለብ ያለ ውኃ ይጎንጭ። ከገበታ በኋላ ጋዙ ትንሽ የወጣለት ግማሽ ብርጭቆ አምቦ ውኃ ቀስ ብሎ መጠጣት የተለጠፈውን ለማጠብ ይረዳል። ስቴንቱ እስከ ጨጓራ መግቢያ የወረደ ከሆነና ጋዙ ቃር ካስነሣበት ተራ ውኃ ይበቃል።

መ. ከበላ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ቁጭ ይበል፤ የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይሁን።

ሠ. በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን ክብደቱን ይመዝግቡ። ካልጨመረ በአጥሚቱ ላይ ቅቤ፣ ዘይት ወይም የተፈጨ ለውዝ ይጨምሩ።

ስለ ጾምና ስለ ጠበል

ጾም ላይ ያለ ታማሚ ወተትና እንቁላል እምቢ ሲል ከእሱ ጋር አይከራከሩ፤ የንስሐ አባቱን ያነጋግሩ። በእስልምናም ሕመምተኛ ከረመዳን ጾም እንደሚፈታ ታማሚው ያውቃል፤ ከሚያከብረው ሰው ሲሰማው ግን ይቀለዋል። ጠበል የሚወስድ ከሆነ በጥቂቱ እንዲጎነጭ ወይም እንዲረጭ ይደረግ። በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ስቴንቱን ከቦታው ሊያንሸራትት ስለሚችል ይህን ለአባቶች አስቀድመው ያስረዱ።

7. መድኃኒት

ትልልቅ ክኒኖች ቱቦው ውስጥ ይሰነቀራሉ። ሽሮፕ ያለው በሽሮፕ ይቀየር፤ ሌላው ተፈጭቶ በውኃ ይሰጥ። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የተሠራን ክኒን፣ በተለይ ረጅም ጊዜ የሚሠራ የሞርፊን ክኒንን፣ መፍጨት የሙሉ ቀን መጠን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ለሕይወት ያሰጋል። የትኛው እንደሚፈጭ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ስቴንቱ የጨጓራን መግቢያ የሚያቋርጥ ከሆነ ኦሜፕራዞል ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እንክብሉን ከፍተው በውስጡ ያሉትን ፍሬዎች ሳይፈጩ በአንድ ማንኪያ የተጣራ ጭማቂ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ይስጡ።

8. ምግብ ሲሰነቀር

ሀ. ወዲያውኑ መብላት ያቁም። በሌላ ጉርሻ ወይም በሙዝ ለመግፋት አይሞክሩ፤ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረበትን ሰው በእንጀራ ማውረድ የለመድን ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቱቦ ላይ ይህ መሰኪያውን ማጥበቅ ነው።

ለ. ቁጭ ወይም ቆም ብሎ ትከሻውን ያላላ፤ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ።

ሐ. ምራቁን መዋጥ ከቻለ ብቻ ለብ ያለ ውኃ ወይም አምቦ ውኃ በማንኪያ ማንኪያ ይጎንጭ። ምራቁ የሚመለስ ወይም የሚያስለው ከሆነ ምንም አይስጡ።

መ. ጣት አስገብቶ ማስመለስ፣ ዕቃ አስገብቶ መግፋት፣ ጀርባ መደብደብ የተከለከለ ነው።

ሠ. በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተ በዚያው ቀን፣ ምራቅ ካልወረደ ደግሞ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በኢንዶስኮፕ ይጸዳል፤ ስቴንቱን መቀየር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

9. ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል

የሚከተለው አንዱ ከታየ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ይውሰዱት፦ በድንገት የመጣ ከባድ የደረት ሕመም ከትኩሳት ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር፤ አንገቱ አብጦ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መስጠቱ፤ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚሸት ሰገራ፤ በጠጣ ቁጥር ማሳልና ትን ማለት፤ ሆዱ ተነፍቶ ማስታወክ። የአይረን ክኒንም ሰገራን እንደሚያጠቁር ያስታውሱ፤ ቢጠራጠሩ ግን ይሂዱ።

መብላት ተሻሽሎ ሳለ ያለ ምንም መሰንቀር እንደገና መዋጥ ካቃተው ስቴንቱ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል፤ በራጅ ይታወቃል። ችግሩ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከመጣ ግን ዕጢው በቱቦው ጫፍ በኩል ማደጉን ይጠርጥሩ። በመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛ ስቴንት ማስገባት ይቻላልና ታማሚው ወደ ውኃ ብቻ እስኪመለስ አይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ያ በመጀመሪያው ቀን ያስጻፉት ወረቀት፣ የስቴንቱ ዓይነት፣ ርዝመት፣ ስፋትና ቀን ያለበት፣ ከምንም በላይ ይፈለጋል፤ ፎቶ አንሥተው በሁለት ሰው ስልክ ላይ ያስቀምጡት፣ ስቴንቱ ብረት ስለሆነ ኤምአርአይ ሲታዘዝም አስቀድመው ያሳዩት።